አንካሳው ፈረስና የእናቴ ከሰል

ሕመሜ የጀመረው ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ዳንግላ ውስጥ የክወናና እይታ ጥበባት መምህርት ነኝ፤ ያን ቀን ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የማሰሮ ጥላ እንዴት እንደሚሣል እያሳየሁ ነበር። የማሰሮውን አንገት ጨርሼ ወደ ሆዱ ስወርድ ክንዴ ቁልቁል ወደቀ። አላመመኝም፤ አልደነዘዘኝም። ዝም ብሎ እምቢ አለ። ጠመኔውን ወደ ግራ እጄ አዙሬ ልቀጥል ብል ማሰሮው ዱባ ሆኖ አረፈው፤ ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁና የነቃሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ስነቃ ከመተኛቴ በፊት ከነበረኝ ድካም የባሰ ደክሞኝ ነበር።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ትኩሳት ይዞኝ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። ደሜን አይተው "ታይፎይድ ነው፤ ታይፈስም አለበት" አሉኝ። በአገራችን ይህን ያልተባለ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሲፕሮ ዋጥሁ፤ ዶክሲሳይክሊን ዋጥሁ፤ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ድካሙ ግን እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ ባለቤት ተቀመጠ። ደም ማነስ ይሆናል ተብሎ ሄሞግሎቢን ተለካ፤ ደህና ነው። እንቅርት ይሆናል ተብሎ ታይሮይድ ታየ፤ ደህና ነው። ስኳር፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፤ ሁሉም ደህና። "ደህና ነሽ" የሚለው ቃል እንደዚያ ዓመት አስፈርቶኝ አያውቅም። ጎረቤቶች ዓይን ነው ብለው ጠበል ወሰዱኝ። ጠበሉ ልቤን አሳረፈልኝ፤ እስከዚያ ድረስ ያለው የእግር መንገድ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አስተኛኝ።

ይህን የምጽፈው ለታመማችሁና ታማሚ ለምታስታምሙ ስለሆነ ድካሙን በትክክል ልናገር። የሥራ ድካም አይደለም። የሥራ ድካምን እንቅልፍ ያስለቅቀዋል፤ ይህኛው አሥር ሰዓት ተኝቼ ብነሳም አይለቅቅም። ስቆም ያዞረኛል። የተማሪዎቼን ስም እረሳለሁ። ከሁሉም የከፋው መዘግየቱ ነው። ዛሬ ልብስ ባጥብ ነገ ምንም አልሆንም፤ ከነገ ወዲያ እወድቃለሁ። ስለዚህ ምን እንደጣለኝ ማወቅ ያቅተኛል። ወይም እያወቅሁ አላወቅሁም ለማለት ይመቸኛል።

አሁን ስለ ሥዕሉ ልናገር፤ የጥፋቴ መነሻ እሱ ነውና። ኮሌጅ እያለን አንድ መምህራችን፣ ሥዕል የሚማረው እጅ ነው፣ እጅ ደግሞ በየቀኑ ካልሠራ ይረሳል ብለውን ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቀን አንድ ሥዕል ሳልሥል ተኝቼ አላውቅም። አሥራ አንድ ዓመት። በሠርጌ ቀን ሣልሁ፤ አባቴ በተቀበረ ቀን ሣልሁ። አብዛኞቹ ለማንም የሚታዩ አይደሉም፤ ጫማ፣ ብርጭቆ፣ ባለቤቴ ጌትነት ተኝቶ ሳለ ጆሮው። ግን አንድም ቀን አልዘለልሁም ነበር። ስታመም ደግሞ መዝለሉን ይበልጥ ፈራሁት። የዘለልሁ ቀን ሠዓሊነቴ አብቅቶ በሽተኛ ብቻ የምሆን መሰለኝ።

ግን በምን ፊቴ? ጌትነት የባጃጅ ሹፌር ነው። ከሥራ ሲመለስ ልብስ ያጥባል፤ ሽንኩርት ይከትፋል፤ የሰፈሩ ሰው "አይ ጌትነት፣ በል እንግዲህ ወጡ እንዳያርብህ" እያለ ይቀልድበታል። ድስት ማንሳት ያቃታት ሴት እርሳስ ማንሳት እንዴት ቻለች ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ደበቅሁ። እሱ ጠዋት ሲወጣ ደብተሬን ከፍራሹ ሥር አወጣለሁ። ለምሳ ሲመለስ የባጃጁ ድምፅ ገና ከመታጠፊያው ይሰማኛል፤ ከሌላው ባጃጅ ሁሉ ለይቼ አውቀዋለሁ። ደብተሬን ወደ ቦታው መልሼ ብርድ ልብሱን እለብሳለሁ።

"እንዴት ዋልሽ?" ይለኛል።

"ተኝቼ" እለዋለሁ። ያምነኛል።

የሚገርመው ያ ሁሉ ድብብቆሽ ለማይሆን ሥዕል ነበር። መስመሬ ይጎብጣል። በመስኮቴ ፊት ለፊት የጋሪ መቆሚያ አለ፤ ፈረሶቹ ከጋሪያቸው ጋር እንደተጠመዱ ቆመው ያርፋሉ። ፈረስ ቆሞ ሲያርፍ አንዱን የኋላ እግር አጠፍ አድርጎ ኮቴውን በጫፉ ያስቀምጣል። ያን የታጠፈ እግር መሣል እምቢ አለኝ። ሣልሁ፣ አጠፋሁ፤ ሣልሁ፣ አጠፋሁ። ጤነኛ እያለሁ በአምስት ደቂቃ የምጨርሰው ነገር ነው እያልሁ በራሴ እናደዳለሁ። በተናደድሁ ቁጥር ሌላ ሰዓት እጨምራለሁ።

የምሥለው በከሰል ነው፤ ከሰሉም የእናቴ ነው። እናቴ ከአዲስ ቅዳም ከተማ ትንሽ ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ትኖራለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ የምትኖረውም እንደ ጎረቤቶቿ ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዓይነት ዛፍ ተክላ ከሰል በማክሰል ነው። ዛፉ ለመድረስ አራት ዓመት ይፈጃል። ከደረሰ በኋላ ተቆርጦ ይደረደራል፤ ቅጠልና አፈር ይለብሳል፤ እሳት ይገባበታል። ከዚያ ነው ዋናው ሥራ የሚመጣው። እሳቱ እንዳይነድ፣ እንዳይጠፋም፣ ቀንና ሌሊት ይጠበቃል። አፈሩ ከተሰነጠቀና ነፋስ ከገባ ከሰል የነበረው አመድ ይሆናል። ስለዚህ በእኛ አገር ከሰል ያፈነ ሰው ለቅሶ እንኳ ቢቀር ማንም አይቀየመውም።

መጋቢት ላይ ነው። አንድ ረቡዕ፣ ይህን ፈረስ ዛሬ ካልጨረስሁት ብዬ ለማስተማሪያ የተረፈኝን ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። አራት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ሣልሁ። ሐሙስ ደህና ነበርሁ፤ እንዲያውም ድል ያደረግሁ መስሎኝ ሁለት ሰዓት ጨመርሁበት። ጌትነት ከረቡዕ ማለዳ ጀምሮ ዕቃ ሊገዛ ባሕር ዳር ሄዶ ስለነበር ወረቀቱ ከግድግዳው አልወረደም።

ዓርብ መነሳት አልቻልሁም። እጄ አልታዘዘኝም። ምላሴ ከበደኝ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ሽንት ቤት ለመሄድ ሞከርሁ፤ በር ላይ ወደቅሁ። እየዳህሁ ተመለስሁ። ስልኬን አገኘሁት። እናቴን ጠራሁ።

"እማ፣ መነሳት አቃተኝ።"

"መጣሁ" አለች።

ከሰሉን ካፈነች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ከላይ ጥቂት አፈር ጨምራ፣ በሩን ዘግታ ተነሳች። እስክትደርስ ድረስ ወረቀቱን ከግድግዳው አውርጄ ከፍራሹ ሥር ከተትሁት። ልብ በሉ፤ ሽንት ቤት መድረስ ያቃተኝ ሰው ለዚህ አቅም አላጣሁም። መጣች፤ አጠበችኝ፤ አጥሚት አጠጣችኝ፤ የፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ውዳሴ ማርያሟን ደገመች። ቅዳሜ ከሰዓት ጎረቤቷ ደወለ። እኔ እንዳልሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በአዊኛ አነጋገረችው፤ አዊኛን ያስተማረችኝ ራሷ መሆኗን የረሳች ይመስል። ክምሩ በአንድ ጎኑ ተንዷል። ነፋስ ገብቷል። ነድዷል። ሁሉም።

ስልኩን ዘጋችና ወደኔ ዞረች። መስማቴን ከፊቴ አወቀች።

"ተይው፤ እንጨት ነው" አለች። "አንች ተርፈሽልኛል፤ ይበቃኛል።"

ይህን ስትል የተቀመጠችው ፈረሱ ላይ ነበር። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም።

ከፋሲካ በኋላ ጌትነት እንጅባራ ወስዶ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ አቀረበኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ጊዜ ወስዳ ትሰማለች። የወረቀቶቼን ክምር አንድ በአንድ አይታ "ክሮኒክ ፋቲግ ሲንድሮም የሚባል ሕመም አለ" አለችኝ። "በደም ምርመራ አይታይም። መለያው ከአቅምሽ ስታልፊ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚጥልሽ መሆኑ ነው። አቅምሽ ምን ያህል እንደሆነ እንድናውቅ ለአንድ ወር የምታደርጊውን ሁሉ በየሰዓቱ ጻፊ።" ለሕመሜ ስም በማግኘቴ ብቻ አለቀስሁ።

ጻፍሁ። ፊቴን ታጠብሁ፣ ቁርስ በላሁ፣ ከጎረቤት ጋር ተጫወትሁ። የሣልሁባቸው ሰዓታት ላይ ሲደርስ "ተኝቼ" ብዬ ጻፍሁ። መዝገቡን ጌትነት ያየዋል፤ እናቴም ልታየው ትችላለች። ከወር በኋላ ዶክተሯ አንብባ፣ "ቀኑን ሙሉ ነው የምትተኚው፤ ብዙ መተኛትም ጡንቻን ያዳክማል" አለችኝ፤ በቀን ሃያ ደቂቃ እንድራመድ አዘዘችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የሰጠኋትን ነው ያነበበችው። እኔም ሃያ ደቂቃ ተራመድሁ፤ ሥዕሌንም አልተውሁም። በሁለተኛው ሳምንት ማንኪያ መያዝ አቃተኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ በሽታዬን አልደበቅሁም። የደበቅሁት የምወደውን ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ሆነ።

ሰኔ ላይ እንደገና እንጅባራ ስሄድ ደግፋ የወሰደችኝ እናቴ ናት። ዶክተሯ መዝገቡን ሁለት ጊዜ ገለጠችውና መነጽሯን አወለቀች።

"ይህ መዝገብ እውነት ከሆነ ሕመምሽ አይገባኝም። ያልተጻፈ ነገር አለ?"

እናቴ ስለ እኔ መለሰች። "ምንም የላትም ዶክተር። ተኝታ ነው የምትውል። እኔ ምስክር ነኝ፤ ከፈለጉ እምላለሁ።"

ሰባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት፣ በሕይወቷ በሐሰት ምላ የማታውቅ፣ እጇን ወደ ላይ ልታነሳ ነው። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም።

"እሥላለሁ" አልሁ። "በቀን ሦስት ሰዓት። አንዳንዴ አራት።"

"ለምን 'ተኝቼ' ብለሽ ጻፍሽ?"

"ስላፈርሁ።"

ዶክተሯ አልተቆጣችኝም። "ሥዕል ዓይን ይፈልጋል፤ ክንድ ይፈልጋል፤ ሐሳብ ይፈልጋል። ለሰውነትሽ ልብስ ከማጠብ አያንስም" አለችኝ። "ተይ አልልሽም። ቁጠሪው ነው የምልሽ።"

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። "ያን ጊዜ እኔን የጠራሽኝ ለትስ?"

"ፈረስ እየሣልሁ ነበር።"

ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እስከ ዳንግላ ልታደርሰኝ ነበር ሐሳቧ። አዲስ ቅዳም ስንደርስ "ወራጅ አለ" አለች። ወረደች። ዞራ አላየችኝም።

የዚያን ዕለት ማታ ለጌትነት ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። "የባጃጄን ድምፅ ስትሰሚ ትደነግጪ ነበር ማለት ነው?" አዎ አልሁት። ወጥቶ ደጃፉ ላይ ብዙ ተቀመጠ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ጣውላ ይዞ መጣና ተጋድሜ ልሥልበት የምችል ዝንብል ያለች ሰሌዳ አልጋዬ ራስጌ ላይ መታልኝ። ምስማሩን ሲመታ ትንሽ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ አድርጎ መታው፤ የሚገባኝ ነው።

ማገገሜ ከዚያ ይጀምራል፤ ማገገም ስል መዳን ማለቴ እንዳልሆነ ይያዝልኝ። ዶክተሯ በሰጠችኝ አዲስ ሥርዓት መሠረት የስልኬን ደወል አሥር ደቂቃ ላይ እሞላለሁ፤ ሲጮህ መስመሩ መሐል ላይ ብሆንም ከሰሉን አስቀምጣለሁ፤ ቀጥሎም ደከመኝ ሳልል፣ ገና ሳይደክመኝ፣ ግማሽ ሰዓት ዓይኔን ጨፍኜ እጋደማለሁ። ሳይደክሙ መተኛት ከመሥራት በላይ የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ሰው ሲገባ ብድግ እያልሁ ስንት ቀን እንዳበላሸሁ አልደብቃችሁም። ማጥፋት ስለማያዋጣኝ ላጲሱን ለተማሪዎቼ ሰጠሁ፤ የጎበጠውን መስመር እንደጎበጠ ትቼ ከጎኑ ሌላ እጨምራለሁ፤ አንድ ፈረስ ሰኞ ጆሮው፣ ማክሰኞ አንገቱ እየተሠራ ሳምንት ይፈጃል። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቀን በገዛ ፈቃዴ ጭራሽ ሳልሥል ዋልሁ፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ነበርና አለቀስሁ፤ በማግስቱ ግን ከሰሉን ስይዝ እጄ አልረሳም ነበር። መስከረም ላይ አሥሩ ደቂቃ አሥራ አምስት ሆነ፤ እኔም በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ወደ ማስተማሩ ተመለስሁ።

እናቴ በነዚህ ወራት አንድም ቀን አልመጣችም። የምትደውለው ለጌትነት ነው። "በላች? ተኛች?" ትለውና ትዘጋለች። ከሕመሜ ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እናቴ ናት፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ በጨርቅ አስራ ይዛለች። ጉንጬን ሳመችኝ፤ ተቀመጠች፤ ውኃ ጠጣች።

"የዚያን ለት የሣልሽውን አምጭው" አለች።

ከፍራሹ ሥር አወጣሁት። መሬት ላይ አስነጠፈችኝና ቆማ አየችው። አባቷ የታወቀ ፈረሰኛ ነበር፤ ፈረስ ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

"ይሄ ፈረስ አንካሳ ነው።"

"እያረፈ ነው እማ።"

"የሚያርፍ ፈረስ እግሩን ባጠፈበት በኩል ዳሌው ዝቅ ይላል። የዚህ ዳሌ ቀጥ ብሏል፤ እግሩ ብቻ ነው የታጠፈ። አንካሳ ነው" አለችና ትንሽ ቆይታ፣ "የአራት ዓመት ዛፍ ለአንካሳ ፈረስ!" ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ ልቅሶ ሆነ። እሷ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም።

"ይቅር በይኝ" አልሁ።

"ለዛፉ ከሆነ ይቅር ብየሻለሁ። ዛፍ ይበቅላል፤ ክረምቱን ተክየዋለሁ፤ መሐሉ ላይም ጤፍ ዘርቸበታለሁ። እኔ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ዶክተሯ ፊት አፌን ሞልቸ ምስክር ነኝ ስል አንች ታይኝ ነበር።" ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "የሱን ይቅርታ አሁን አትጠይቂኝ። ዛፉ ሲደርስ ጠይቂኝ።"

ከዚያ ጨርቁን ፈታች። ቆርቆሮው ውስጥ ጣት የማይሞሉ ቀጫጭን ከሰሎች ተደርድረዋል። ቅርንጫፎቹን ልጣጭ ገፍፋ፣ ክዳኑን በጭቃ መርጋ፣ እሳት ውስጥ ቀብራ ያከሰለቻቸው ናቸው። አንዱም አልተሰበረም።

"ለምድጃ አይሆን፣ ለገበያ አይሆን" አለች። "ስንት ደቂቃ ነው የተፈቀደልሽ?"

"አሥራ አምስት።"

"በይ ሣይኝ።"

ስልኬን ሞላሁ። ግንባሯን ሣልሁ፤ ዓይኖቿን ሣልሁ፤ አፍንጫዋ ላይ ስደርስ ስልኩ ጮኸ። እንደ ድሮው ቢሆን አንዲት መስመር ብቻ ብዬ እቀጥል ነበር። ከሰሉን አስቀመጥሁ።

"አፍንጫ የለኝም እንግዲህ?"

"ስትመጪ እጨርሰዋለሁ።"

"እንግዲያስ ተኝ" አለች። በጠራራ ፀሐይ፣ እናቴ ተቀምጣ እያየችኝ፣ ምንም ሳልደብቅ ተኛሁ።

እንደኔ ለታመማችሁ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ለሐኪማችሁ የሚያምማችሁን ብቻ ሳይሆን የምትወዱትንም ንገሩ፤ አቅማችሁ በዚያም በኩል ይፈስሳልና። ሥራችሁን አትተዉ፤ ግን በሰዓት ሥሩት፤ ከሰዓቱም አትስረቁ። አስታማሚ የሆናችሁ ደግሞ፣ ታማሚው ትንሽ ደስታ ሲያገኝ ካያችሁት "ይህን ከቻልሽ ያንን ለምን አትችይም?" አትበሉ፤ የሚደበቀው ይህን ቃል ፈርቶ ነው። ሁለተኛ ጊዜ የጠየቀችኝን ዶክተር አመሰግናለሁ። ጌትነት አሁን ከመታጠፊያው ላይ ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔም ከሰሌዳዬ ሳልነሳ እጠብቀዋለሁ። እሱንም አመሰግናለሁ።

እናቴን ለማመስገን ግን ገና ነኝ። የሷ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ነው፤ በመጣች ቁጥር አሥራ አምስት ደቂቃ እጨምርበታለሁ፤ አሁን አገጯ ላይ ደርሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ስልክ ደውዬ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቶቿ ጠየቅኋትና በመጨረሻ ፈራ ተባ እያልሁ፣

"እማ፣ ዛፉ የት ደረሰ?" አልኋት።

"ወገቤ ላይ ደርሷል" አለችኝ።